ለያሬሊ እናት

ሆንዱራስ ውስጥ፣ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ በሚያስተምር አንድ የክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ ሕፃናቱ ቀናቸውን የሚጀምሩት በጸሎት ነው። ወሩን ሙሉ የጸለዩት ኢትዮጵያ፣ አሰላ ውስጥ ታማ ለተኛችው ለአስተማሪያቸው እናት ነበር።

እናቱ ቅዳሜ ዐረፈች። ሰኞ ጠዋት ክፍል የገባው ይህንኑ ሊነግራቸው ነው። ልጆቹን ሳያስደነግጥ እንዴት እንደሚለው መንገዱን ሁሉ ሲለማመድ መጥቷል።

"ልጆች፣ ስለ እናቴ የምነግራችሁ ነገር አለ" አለ።

"ድናለች" አለ ዌልመር። "እኔ ድሮም አውቅ ነበር። አሁን ደግሞ ለድመቴ እንጸልይ።"

"ድመትህ ምንም አልሆነችም፤ ጥጋብ ነው" አለችው ያሬሊ። ከዚያ ወደ አስተማሪው መጥታ እጁን ያዘች። "ሚስተር፣ እናቴን ዛሬ ቀዶ ሕክምና ያደርጉላታል። አባቴ ማታ ሲያለቅስ ነበር። እኔ ግን አልፈራሁም። ያንተ እናት ድናለች አይደል?"

ልጆቹ ሁሉ አዩት። ያሬሊ ግን መልሱን አልጠበቀችም።

"አሁን ለእናቴ ጸልይላት። በስፓኒሽ ግን አይሁን" አለችው። "በእንግሊዝኛም አይሁን። ቤትህ ሆነህ ለእናትህ በምትጸልይበት ቋንቋ ጸልይላት።"

ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሱም ጨፈነ። ከቅዳሜው የመርዶ ስልክ ወዲህ በአማርኛ አንድ ቃል አልተናገረም ነበር። የያሬሊን እናት ስም ሊጠራ ፈልጎ፣ ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

"እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር።"

ልጆቹ በአንድ ድምፅ "አሜን" አሉ። ከሁሉም ጮክ ብላ ያለችው ያሬሊ ነበረች።