ጭረቱ

አባቷ የጃዝ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ በእጅጌው ሲወለውል፣ ሴት ልጁ የመኪና ቁልፏን እያሽከረከረች በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ሶፋው ላይ የተወውን ይህን የሚሳሳለትን ሸክላ ሳታይ ተቀምጣበት ለሁለት ሰንጥቃው ነበር። የአሮጌ ዕቃ ሱቆችን ስታስስ ውላ መንትያውን አገኘችና አሮጌው ሽፋን ውስጥ ከተተችው። አሁን የቀራት ሳይነቃባት መውጣት ብቻ ነው።

«ምን ያቁነጠንጥሻል? ተቀመጪ እንጂ!»

«መቀመጥ ይቅርብኝ፣ አባዬ። ቸኩያለሁ።»

ሸክላው ማጫወቻው ላይ መዞር ጀመረ። ትራምፔቱ ከፍ እያለ ሲመጣ አባቷ እንደ ልማዱ ጣቱን ወደ መርፌው ሰደደ። ያኔ ክው አለች። አሮጌው ሸክላ እዚህ ቦታ ላይ ጭረት ነበረው፤ መርፌውን አንስቶ ካላሻገረው አንዷን ድምፅ ሲደጋግም ይውላል። ጭረቱን ጭራሽ ረስታዋለች። አዲሱ ግን ምንም ሳያደናቅፈው እልፍ አለ። የአባቷ ጣት አየር ላይ ቀረ።

«ሰበርሽው አይደል?» አላት ዓይኑን ከሸክላው ሳይነቅል።

«አባዬ፣ በሞትኩት! ሳላየው ተቀምጬበት...»

«ዝም በይ!» አለ፣ ጣቱን እንዳንጠለጠለ። «ይቺን ቦታ ሰምቻት አላውቅም።»