ያልገባው ተማሪ

«መምህር፣ አልገባኝም» አለ ቀልዴ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ እጁን አውጥቶ። ክፍሉ በሳቅ አወካ።

አልገባኝም ማለት የዛሬ ድርሻው ነበር። እጩዋ መምህርት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማስተማር ስትለማመድ፣ አብረዋት ኢኮኖሚክስ የሚያጠኑት ጓደኞቿ ተማሪ ሆነው ይተውኑላታል፤ አንዱ ይረብሻል፣ አንዷ ታንቀላፋለች፣ ቀልዴ ደግሞ አይገባውም። አሰልጣኙ መምህር ጥግ ይዘው ነጥብ ይሰጣሉ። ባለፈው «ሰሌዳውን እንጂ ተማሪ አላስተማርሽም» ብለው ጥለዋታል። ዛሬም ከወደቀች፣ ሰኞ ጓደኞቿ ለልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ሲሄዱ እሷ ቀሪ ናት። አክስቷማ «ይህን ሁሉ ተምረሽ ጠመኔ ልትቅሚ?» ማለቷን ገና አልተወችም። እሷ ግን ከዚህ ሌላ የምትመኘው ሥራ የላትም።

«ዋጋ ሲቀንስ ብዙ እንገዛለን» አለች የፍላጎት መስመሩን በጠመኔ እየተከተለች። «በዚሁ መስመር ላይ ወደ ታች ወረድን ማለት ነው። ገቢያችን ሲጨምር ግን መስመሩ ራሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አሁንስ?»

«አልገባኝም።»

እንደገና ተሳቀ። እሷ ግን ልጁን ልብ ብላ አየችው። ቀልዴ ሲቀልድ ቅንድቡ አያርፍም፤ አሁን ፊቱ ላይ ቀልድ የሚባል ነገር የለም። አንገቱን አስግጎ መስመሮቹን ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። ለካ እውነቱን ነው! ይህን ሁሉ ጊዜ አለመረዳቱን በሳቅ ሸፍኖት ኖሯል፤ ለመጠየቅ የደፈረው ዛሬ ድርሻ ሲሰጠው ነው። አንጀቷን በላው።

አሰልጣኙ ሰዓታቸውን አዩ። ከትምህርቱ ገና ግማሹን አልነካችም። ዝግጅቷን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ ኋላ ሄደች።

«ተዋናይስ እንዳንተ ነው!» አለችው ጮክ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳያውቁበት። «በል አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥ፤ አግዳሚው መስመሩ ነው እንበል። ዋጋ ቀነሰ፤ ተንሸራተት።»

ቀልዴ በአግዳሚው ላይ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ተንሸራተተ።

«አንተ ተንቀሳቀስክ። ወንበሩስ?»

«እሱማ ባለበት ነው።»

«አሁን ደግሞ ደመወዝ ተጨመረልህ፤ ዋጋው ግን ያው ነው። እስቲ ኑና አንሡት!»

ረባሹም እንቅልፋሟም ተረባርበው አግዳሚውን ከነሰውየው ብድግ አደረጉና በስተቀኝ ወዳለው መስኮት ወሰዱት።

«ኧረ ቀስ! ኧረ እናቴ ትፈልገኛለች!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድንገት ወደ ሰሌዳው ዞረ። «ቆይ… ቆይ። እኔ ሳልንሸራተት ወንበሩ ራሱ ሄደ። በዚያው ዋጋ የበለጠ እገዛለሁ ማለት ነው። እንዲህ ነው እንዴ!»

ደስታዋን የምታደርግበት አጣች።

«ሰዓትሽ አልቋል» አሉ አሰልጣኙ። «ሰሌዳውን አጥፊና ለቀጣዩ ልቀቂ።»

ማጥፊያውን አነሳች። ቀጣዩ ልጅ ወረቀቱን ይዞ አጠገቧ ቆሟል። ቀልዴ ግን መስኮቱ ሥር አቀርቅሮ መስመሮቹን ወደ ደብተሩ ይገለብጣል።

«ይቅርታ መምህር፣ ተማሪዬ ጽፎ አልጨረሰም።»

ማንም አልሳቀም። አሰልጣኙ መነጽራቸውን አውልቀው መጀመሪያ ቀልዴን፣ ቀጥሎ እሷን አዩ።

«ይጨርስ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺም ለሰኞ ተዘጋጂ።»

ቀልዴ ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየና ተመልሶ አቀረቀረ። እሷም ማጥፊያውን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ እንዳትጋርደው ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።