የግራው መብራት

ረታ የሚኒባሱን የፊት አምፖሎች በኤልኢዲ ያስቀየረው በሑዳዴ አጋማሽ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው የግራው መብራት መስታወት ከውስጥ ጭጋግ ለበሰ።

«ምንም አይደል» አለው ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ አምፖሎቹን የገጠመለት ቀለመወርቅ። «የድሮው ስለሚግል እርጥበቱን ያደርቀዋል። ይሄኛው አይግልም።»

መብራቱን ሲፈታው ግን ሽታው አፈናቸው። ጥሬ ሥጋ ይሸታል፤ በቅቤ ታሽቶ ያደረ ጥሬ ሥጋ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ያልቀመሰው ረታ አፍንጫውን በጋቢው ያዘና ምራቁን ተፋ።

«በጾም ምድር ምን ጉድ ነው ያመጣህብኝ?»

«አይጥ ሞታበት ይሆናል።»

አይጥ የለም። ቀለመወርቅ ጣቱን ሰድዶ ሲያወጣው ውሃ ሳይሆን ሞራ የመሰለ የሚዝለገለግ ነገር ተከተለው። ለብ ይላል።

«ጥረገው! ጥረግልኝ በቃ!» አለ ረታ።

ቀለመወርቅ ቤንዚን በነከረው ጨርቅ ጠርጎ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ግጥም አድርጎ አሸገው።

«ረታ፣ ሳይመሽ ወገዳ አንገባም እንዴ?» አለች ከሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ተሳፋሪ።

ረታ መብራቱን አብርቶ ወደ መኪናው ፊት ዞረ። የግራው መስታወት ዓይኑ እያየ ዳመነ። ተናዶ በመዳፉ ጠረገው፤ ጭጋጉ ግን ከውስጥ ነው። እጁን ወደ ቀኝ ሲገፋ፣ ላም ጥጃዋን እንደምትልስ፣ አንድ ሰፊ ምላስ ከወዲያ በኩል እጁን ተከትሎ ጭጋጉን እየላሰ ወደ ቀኝ ሄደ። ረታ እጁ ደርቆ ቆመ። ምላሱም ቆመ፤ ከዚያ መዳፉ ያረፈበትን ቦታ ቀስ ብሎ ይልስ ጀመር።