ሩቤል የተባለችው መርከብ

ይህ የሆነው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ክረምት፣ ሜልበርን ውስጥ ነው።

ጋዲሳ በቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረቦቹ አደራ የአንዲት ማመላለሻ መርከብ ታሪክ ይጽፍ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ከአሰብ ወደ ምጽዋ ወታደርና ስንቅ ታጓጉዝ የነበረችው መርከብ ቀድሞ በቁጥር ብቻ ትጠራ ነበር። ጓደኞቹን ከሚነደው የሞተር ክፍል አውጥቶ ራሱ እዚያው በቀረው መካኒክ ስም «ሩቤል» የተባለችው ኋላ ነው። ጋዲሳ የተመደበባት ከስያሜው በኋላ ነበር። ያኔ መርከበኞቹ ከሞተር ክፍሉ ግድግዳ ጀርባ የሚያንኳኳ አለ ይሉ ነበር።

የሩቤል እናት እትዬ ዓለምጸሐይ በዚያው ከተማ፣ ሴንት አልባንስ ሰፈር ይኖራሉ። ስለ ልጃቸው ሲያወሩ «ሩቤል ዓሣ አይወድም» ይላሉ እንጂ «አይወድም ነበር» ብለው አያውቁም። የጸሎት ቤታቸው ሰዎችም መርዶው አልደረሳቸውም ብለው አመኑ። መርዶ ደግሞ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ የሚያረዳው እንጂ አንድ ሰው ብቻውን የሚያፈነዳው አይደለም። «ልባቸው አይችልም» እየተባለ ከዓመት ዓመት ተሻገረ።

ጋዲሳም እሳቸው እንዳያዩት ስለ ስያሜው የጻፈውን ምዕራፍ ከመጽሐፉ ቆርጦ አወጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ በገዛ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ማንኳኳት ይሰማው ጀመር።

መጽሐፉ ሲታተም ወሰደላቸው። እትዬ ያነበቡበት ገጽ እንዳይጠፋባቸው ሁለት ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ፣ የደበዘዘ ሰማያዊ ጥብጣብ አኑረው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘጉ። ከዚያ የእሱን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ገለጡት።

«ጋዲሳዬ፣ መርከቧ ስሟን ከየት አገኘችው?»

«ከያዕቆብ የበኵር ልጅ ይመስለኛል፣ እትዬ።»

«ደርግ ኦሪት እየገለጠ መርከብ ይሰይም ነበር በለኛ!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁን ቀድመው ያቆሙት እሳቸው ናቸው።

«ሌላ የምታውቀው የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያ ቀረ» አሉ ቀስ ብለው።

ስለ ልጃቸው መቅረት የተናገሩ መሰለውና፣ «ተስፋ አይቁረጡ፣ ይመጣል» አላቸው።

እትዬ ቀና ብለው አዩት። መጽሐፉን መለሱለት።

በዚያው ክረምት ዐረፉ። ሽማግሌዎቹ፣ መርዶውን ሳይሰሙ ሄዱ ብለው ተጽናኑ።

ከሰባት ዓመት በኋላ የአንድ ሟች ባልደረባው ልጅ ከፖይንት ኩክ ሰፈር ለጋዲሳ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ አመጣችለት። ከጀርባው «የስያሜ በዓል፣ ምጽዋ» የሚል ጽሑፍ አለው። የመርከቧ ስም ከተጻፈበት በታች ጥቁር ለብሰው፣ መቀስ ይዘው ጥብጣቡን የሚቆርጡት እትዬ ዓለምጸሐይ ነበሩ።