አሥራ አንዱ ደቂቃ

ፋርማሲስቱ ጌም ሲጫወት የቀዳቸውን የቆዩ ቪዲዮዎች እየቆራረጠ ሰባት ተከታይ ላለው ገጹ አጭር ማስተዋወቂያ ሲሠራ፣ አንዱ ቅጂ ላይ ሲደርስ አቆመ። ለካ ያን ቀን ማይኩን ማጥፋት ረስቶ ኖሯል። በጌሙ ተኩስ መሃል የእናቱ ድምፅ ከጓዳ ተሰማ።

«የኔ ጌታ፣ እስቲ አንዴ ና።»

«መጣሁ እማዬ! ይቺን ብቻ ልጨርስ።»

ለሐኪሙም፣ ለእህቱም፣ ለእናቱ ሐዘን ለመጣው ሁሉ «ስትጠራኝ ወዲያው ሄድኩ» ብሎ ነበር፤ ሲደጋግመው ራሱም አምኖታል። አሁን ግን ከስክሪኑ ግርጌ ያለው ሰዓት ቁልጭ አድርጎ አሳየው፤ ከጠራችው ጀምሮ እሱ ተነስቶ ወንበሩ ሲጥ እስኪል አሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ሲጫወትበት የነበረው ወታደር ብቻውን ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ጠመንጃውን ከትከሻ ትከሻ እያዛወረ፣ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሲጠብቅ ይታያል።

ማውሱን ያዘ። ከዚያ «ይቺን ብቻ ልጨርስ» የምትለዋን ጨምሮ አሥራ አንዱን ደቂቃ ቆርጦ አወጣና ሁለቱን ጫፎች አገጣጠማቸው። ከመጀመሪያው አጫወተው።

«የኔ ጌታ፣ እስቲ አንዴ ና።»

«መጣሁ እማዬ!»

ወንበሩ ሲጥ አለ።

ደግሞ አጫወተው፤ አሁንም ወዲያው ሄደላት።