ሁለት ቤት በአንድ ቁጥር

«መሿለኪያው እኮ ክፍት ነው» ትላለች ኢንጂነሯ። ይህን ስትል አራተኛዋ ነው። አራት ጊዜ ክፍት የተባለው መንገድ እስካሁን ማንንም አላሳለፈም።

ኢንጂነሯ የምላት የጎረቤቴን የእትዬን ልጅ ነው። መሥሪያ ቤቷ ኔትወርክ ሲጠፋ አለቃ ሳይቀር እሷን ነው የሚጠራው። ዛሬ እሁድ ግን በእናቷ ሳሎን ውስጥ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ገብቼ፣ ወሬ ስለምወድ፣ እዚያው ተቀምጬ ቀርቻለሁ።

የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ያለው የድሮ ቤታቸው ተሽጧል። ገዢው ሊያፈርሰው ነው፤ ልክ በስድስት ሰዓት መብራቱ እንደሚቆረጥ የሰሙት ዛሬ ጠዋት ነው። እትዬ ከዚያ ቤት የወጡት ባላቸውን ደግፈው ሐኪም ቤት ሲሄዱ ነበር። ባልየው በዚያው ቀሩ፤ እትዬም ጉልበታቸው እምቢ አላቸውና ልጃቸው ዘንድ ወደዚህ፣ ወደ ሁለተኛው ቤት ገቡ። «ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም» ይላሉ ሁልጊዜ።

በድሮው ቤት ሳሎን ውስጥ ባልየው የሰቀሉት ካሜራ አለ። ልጅቷ ቪፒኤን በሚሉት፣ ከዚህ ቤት እስከዚያ ቤት በኢንተርኔት ሆድ ውስጥ በሚያልፍ የግል መሿለኪያ ገብታ አንዴ ልታሳያቸው ቃል ገብታለች። ከመሥሪያ ቤቷ ሆና ስትገባበት አንድ ቀን እምቢ ብሏት አያውቅም። ዛሬ ግን ካሜራው መልስ የለውም። አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል።

እትዬ የመውጫ ጫማቸውን አድርገዋል። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ልጅቷ ራውተሩን አጥፍታ ታበራለች፤ የይለፍ ቃሉን እንደገና ትጽፋለች፤ የካሜራውን ምልክት ትጫናለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እላታለሁ። መሰላሉን አስቀምጬ እንድሄድ በዓይኗ ትነግረኛለች። እንዳላየ እሆናለሁ።

«ካልሆነ ተይው የኔ ልጅ» ይላሉ እትዬ፣ ጫማቸውን እያዩ።

አትተውም። ትጫናለች። እኔ ከሥራ ፈትነቴ የተነሳ ቤቱን ስቃኝ አንድ ነገር አያለሁ። ዝም ልል ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው በዚህ ጉዳይ ምን አገባው። አላስቻለኝም።

«አንቺ ኢንጂነር፣ ያንን በተጫንሽ ቁጥር እዚያ ጥግ ያለችው ፕሪንተር ለምንድን ነው የምትነቃው?»

ዞር ትላለች። ትጫናለች። የፕሪንተሯ ትንሽ መስኮት አረንጓዴ ብርሃን ትሰጣለች። ጥቂት ቆይቶ ትጠፋለች። ደግማ ትጫናለች። ትበራለች።

ልጅቷ መሳቅ ትጀምርና መሃል ላይ ታቆማለች። «አባዬ» ትላለች፣ ቀስ ብላ።

አባቷን ሰፈሩ ጋሽ ፖስታ ይላቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲለዩ ኖረው በጡረታቸው የሁለቱንም ቤት ገመድ በእጃቸው ዘረጉ። የዚህኛውን ሲዘረጉ መሰላል ያዡ እኔ ነበርኩ። የመብራቱን ማብሪያ ከበሩ ግራ፣ መንጠቆዎቹን በዚያኛው ቤት ልክ፣ አንደኛውን ለባርኔጣቸው፣ ሁለተኛውን ለእትዬ ጥላ፣ ሦስተኛውን ለቁልፍ። ምነው አንዱን እንኳ ቢለዩት ስላቸው፣ እሷ እንዳይምታታባት አሉኝ፣ ምስማር በጥርሳቸው እንደነከሱ።

ለካ ኔትወርኩንም አልለዩትም። ልጅቷ እንዳስረዳችን ለሁለቱም ቤት አንድ ቁጥር ሰጥተዋል፤ የዚያ ቤት ካሜራ ሃያ ቁጥር ነው፣ የዚህ ቤት ፕሪንተርም ሃያ። ላፕቶፑ ሃያ ጋ ሂድ ሲባል፣ ሃያማ እዚሁ ቤት አለ ብሎ ጥጉን ያንኳኳል፤ መሿለኪያውን ዞሮም አያየውም። አድራሻ አጉድሎ የጻፈን ሰው በመስኮት አቁመው ሲገስጹ የኖሩ ፖስተኛ ለሁለት ቤት አንድ ቁጥር።

«እኔ እንዳልቸገር ብሎ እኮ ነው» ይላሉ እትዬ።

ልጅቷ የዚህን ቤት ቁጥር ልቀይረው ትላለች፣ ሁለት ደቂቃ ነው። የእትዬ ፊት ይጠቁራል። «የሱን አትንኪበት።»

ሰዓቱ ለስድስት አሥር ጉዳይ ነው። ልጅቷ ታስባለች፤ ከዚያ አንዲት መስመር ብቻ ትጽፋለች። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ፣ ሃያ ቁጥር ብቻ በመሿለኪያው ይሂድ የምትል መስመር ናት። ትጫናለች። ጥጉ አይነቃም።

ባዶ ሳሎን ይመጣል። ዕቃው ሁሉ ወጥቷል፤ ግድግዳው ላይ ሰዓቱ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ ቀርቷል። ከበሩ አጠገብ ሦስት መንጠቆዎች። አንደኛው ላይ ግራጫ ባርኔጣ።

እትዬ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ ይላሉ። ያ ባርኔጣ ሐኪም ቤት ጠፋ ብለው የዘበኛውን ዘር ማንዘር ያነሱበት ነው። እኔም አብሬ ተሳድቤያለሁ።

«ሰውዬውን በከንቱ ጠረጠርኩት» ይላሉ። «አባትሽ ባዶ ራሱን ነው ለካ የወጣው። ያን ቀን ብርድ ነበር።»

እትዬ ዓይናቸውን ከበሩ እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በሩ፣ እቤት ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ቀስ አድርገው ይወስዱታል። ሲጨርሱ ወደ ባርኔጣው ይመለሳሉ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ምስሉ ይጠፋል። መሿለኪያውም ወዲያው ይዘጋል፤ የጻፈቻት መስመርም አብራው ትጠፋለች፣ ሃያ ቁጥርም ተመልሶ የዚህ ቤት ይሆናል።

«እስቲ አንዴ ድገሚው» ይላሉ እትዬ።

ልጅቷ እዚያ ማንም እንደሌለ ታውቃለች። ትጫናለች።

ጥጉ ላይ አረንጓዴዋ ብርሃን ትበራለች። እትዬ እስክትጠፋ ድረስ ዓይናቸውን አያነሱም።