የቀጭን ጣት ቀለበት

ነጋ ብስክሌቱን ያጣው በግንቦት ነው። ለሚስቱ ለየሺመቤት "ተሰብሮ ወርክሾፕ ትቼዋለሁ" አላት። የምድር ባቡር መካኒክ ብስክሌት መጠገን አቃተው ማለት ዶሮ ጥሬ መልቀም ረሳች እንደ ማለት ነው። የሺመቤት ነገሩን በልቧ ያዘችው።

ከዚያ ወዲህ ነጋ ሥራ በእግሩ መሄድ ጀመረ። በእግር ሲኬድ ደግሞ ብቻን አይኬድም። ጎረቤታቸው ሸዋገነት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ትሠራለች፤ መንገዱም ሰዓቱም አንድ ነው። ባሏ በሶማሊያው ጦርነት ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምትኖር፣ ቀጠን ያለች፣ ሳቋ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። ሁለቱ ጥላ ጥላውን ይዘው እያወሩ ሲወርዱ የሺመቤት በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለች ለራሷ።

አንድ እሁድ ነጋ ሳጥን ከፍቶ ሲበረብር ደረሰችበት። የሠርጋቸውን ልብስ ሳይቀር አተራምሶታል።

"ምን ጠፋብህ?"

"የማኅበር ካርዴ።"

"ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ታዲያ?"

ነጋ የደረት ኪሱን ዳሰሰና ሳቀ። ሳጥኑንም ቶሎ ዘጋው። ሳቁ አልጣማትም።

በሳምንቱ የጉትቻዋ መንጠቆ ተሰበረ። ይዛው መጋላ ገበያ ወረደች፤ ሞሐሙድ የሚባል ወርቅ ሠሪ ጎበዝ ነው ሲሉ ሰምታለች። ሞሐሙድ ማን ነሽ፣ የማን ነሽ ብሎ አይጠይቅም። እጁ ይሠራል፣ አፉ ያወራል።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ቀለበት ነበር። መሃሉ ሰማያዊ ሰንፔር ነው፤ ዙሪያውን ጥቃቅን አልማዝ ከቦታል። የሺመቤት ዓይኗ እዚያው ቀረ።

"አቦ፣ አታፍጪበት፣ ይቀልጣል!" አለ ሞሐሙድ። "የድሮ ሥራ ነው። የዛሬ አልማዝ በማሽን ተቆርጦ ዓይን ይወጋል። ይሄን በእጅ ነው የቆረጡት፣ መብራት ሳይመጣ፣ ለኩራዝ ብርሃን። እዪው እስቲ።"

በመዳፉ ጋርዶ ጥላ አደረገበት። ድንጋዮቹ አልተብለጨለጩም፤ ከውስጥ ሞቅ ብለው በሩ። ሰማያዊው ጠቆረ፣ ጠልቆም የሚታይ ሆነ።

"አገሯ የገባች ግሪክ ሴትዮ ናት የሸጠችው። እናቷም አያቷም አድርገውታል። ጣቢያ ላይ ፈትሸው ከሚወስዱብኝ ብላ በርካሽ ጣለችው። ወላሂ፣ ዕቃ ሲያረጅ ይረክሳል፣ ይሄ ግን ስንት ጣት አልፎ ይኸው ያምራል!"

የሺመቤት እንዲህ ያለ ነገር ተመኝታ አታውቅም። አሁን ግን ውሃ እንደጠማው ሰው ፈለገችው።

"አሁን የማን ነው?"

"የአንድ የባቡር ሰው ነው፣ ነጋ የሚሉት። ብስክሌቱን ሸጦ ገዛው፣ መጅኑን፣ እብድ! አጥብበው ብሎ ልኩን ሰጥቶኛል። እንዴት ያለ ቀጭን ጣት መሰለሽ፣ ሸንበቆ!"

የሺመቤት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ሦስት ልጅና የዓመታት ልብስ አጠባ ያወፈሩት እጅ ነው። የጋብቻ ቀለበቷ እንኳ እምቢ ካላት ቆይቷል፤ ለነጋ ግን "ዘነዘና አጎደጎደብኝ" ብላ፣ ጎኑን አሳይታ ነበር አውልቃ ሳጥን የከተተችው። የሸዋገነት ጣቶች ታዩዋት፤ ቀኑን ሙሉ ክር የሚቀጥሉ፣ ረጃጅም፣ ቀጫጭን።

ቀናች። በባሏ ይሁን በቀለበቱ የባሰ የቀናችው፣ ራሷም አታውቀውም።

ነጋን አልጠየቀችውም። ሲጠየቅ እንደሚዋሽ በብስክሌቱ አይታዋለች። ቦኖ ላይ ውሃ ሲቀዱ ብቻ የሸዋገነትን ጣቶች ትሰልል ጀመር። ገና ባዶ ናቸው። ባዶ መሆናቸው አላጽናናትም፤ ቀለበቱ አንድ ቀን እዚያ ሲገባ እየታያት እንቅልፍ አጣች።

በመጨረሻ ቀበሌ ሄደች።

"ሸዋገነት ቤት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ የተከለከለ ወረቀት ያነባሉ" አለች።

ዘመኑ እንዲህ ያለ ወሬ የማይጣራበት ነበር። አብዮት ጥበቃዎቹ በጠራራ ፀሐይ መጡ። ሸዋገነትን እየጎተቱ ሲያወጧት ነጋ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ሮጦ ወጣ።

"ምን አደረገች? ባሏ ለአገር የሞተ ሴት እኮ ናት! እኔ ዋስ እሆናታለሁ!"

"ዋስ ከሆንክ አብረሃት ና" አሉት።

የሺመቤት በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ለጎረቤት እንዲህ የሚሆን ወንድ የት አለ? ጥርጣሬዋ ሁሉ ያን ጊዜ እውነት ሆነላት። ነጋ ዞር ብሎ "የሺዬ፣ አትፍሪ፣ እመለሳለሁ" ሲላት ፊቷን አዞረች።

ቂሟ እንዳለ ስንቅ ግን ታመላልስ ነበር፤ ለእሱ ብቻ። አንድ ጠዋት የእስር ቤቱ በር ላይ ያለው ዘብ ሳህኑን መለሰላት።

"ከዛሬ ወዲያ ስንቅ አታምጪ" አላት። "ለሁለቱም አያስፈልግም።"

አለቀሰች። የልጆቿ አባት ነውና ከልቧ አለቀሰች። እንባዋ ጋብ ሲል ግን ቀለበቱ ትዝ አላት። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች መጋላ ወረደች።

"የነጋ ሚስት ነኝ። ቀለበቱን ስጠኝ።"

ሞሐሙድ ክው አለ። "ሰምቻለሁ፣ አላህ ያጥናሽ" አላትና ቀለበቱን አወጣላት። የሺመቤት እዚያው ሞከረችው። አንጓዋ ላይ ቆመ። በትንሿ ጣቷም ሞከረችው፤ አልገባም።

"ለእኔ እንዳልሆነማ አውቃለሁ" አለች በመረረ ሳቅ። "ቢሆንም እሷም አታደርገውም።"

ሞሐሙድ የማንን ነገር እንደምታወራ አልገባውም። መሳቢያውን ከፈተና ጎንበስ አለ።

"ይቺንም ያዢ፣ አደራ ናት" አላት። "ለልክ ብሎ የተወልኝ።"

ጠረጴዛው ላይ ያኖረላት፣ ጎኑን ዘነዘና ያጎደጎደው ቀጭን የወርቅ ቀለበት ነበር።